ምልክትና ምክንያት፦ የሳይንስ ትምህርት ለቱርሚ ልጆች ምን ያደርጋል?

አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነው። የፊት ጥርሱ የሚነቃነቀውም በዚሁ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን የወለቀውን ጥርሳችንን ጣሪያ ላይ ወርውረን አዲሱ እስኪወጣ ድረስ በጉጉት ጠብቀናል። ጓደኞቻችን በባዶው ድዳችን ቢስቁብንም ነገሩ የደስታ ነገር ነበር፤ ማደጋችን ነበርና።

በደቡብ ኦሞ ግን የልጅ ጥርስ ከትውልድ ወደ ትውልድ የፍርሃትም ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በሐመር፣ በበናና በካሮ ሕዝቦች ልማድ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ልጅ «ሚንጊ» ይባላል። እንዲህ ያለው ልጅ በሕይወት ከቆየ ዝናብ ይከለከላል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ተብሎ ይፈራል። ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ብዙ ሕፃናት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ፍርሃቱ ለወተት ጥርስ ብቻ አይደለም፤ የወተት ጥርስ ወልቆ በሚተካበት ጊዜም ተመልሶ ይመጣል። ይህም ማለት ልጁ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በሚቀመጥበት ዕድሜ ማለት ነው።

እንግዲህ በቱርሚ የአካባቢ ሳይንስ የሚያስተምር መምህር «ጥርሳችን» የሚል ርእስ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ምን እያደረገ እንደሆነ እናስብ። በሌላ ከተማ ይህ ቀላል ትምህርት ነው፤ ጥርስ ስንት እንደሆነ ይቆጠራል፣ እንዴት እንደሚጸዳ ይነገራል፣ ደወል ይደወላል። በዚህ ስፍራ ግን ትምህርቱ የሰው ሕይወት የሚያድን ወይም የልጅን ልብ የሚያቆስል ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሳይንስ በእንዲህ ያለ ስፍራ ለልጆች ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ እኛም አማኞች ከዚህ ምን እንደምንማር ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ልጁ ባዶውን አይመጣም

ቱርሚ በሐመር ወረዳ ከዲመካ በስተደቡብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ሰኞ የገበያ ቀኗ ነው፤ የሐመር ሰዎች ማሽላቸውን፣ ማራቸውን፣ ቅቤያቸውን፣ ፍየላቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ብዙዎች ቱርሚን የሚያውቋት በቱሪስት ፎቶግራፍ ነው። ከፎቶግራፉ በስተጀርባ ግን ፍየል ሲጠብቅ ያደገና ብዙ ነገር የሚያውቅ ልጅ አለ።

ይህ ልጅ የትኛውን ቅጠል ፍየል እንደምትወድ፣ የትኛው እንደሚያሳምማት ያውቃል። በአሸዋ ላይ ያለ ዱካ የማን እንደሆነ፣ መቼም እንዳለፈ ይናገራል። ከየትኛው ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ቢሰቀል ንብ እንደሚገባ ከአባቱ ተምሯል። በበጋ ወራት በቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ካስኬ ያለ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን የት ቢቆፈር ውሃ እንደሚገኝ ያውቃል። ታዲያ ይህ ማስተዋል የሳይንስ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለምን? አዳም እንስሳትን አይቶ ለየራሳቸው ስም ማውጣቱን (ዘፍ. 2፥19-20)፣ ሰሎሞንም ስለ ዛፎችና ስለ አራዊት፣ ስለ ወፎችና ስለ ዓሦች መናገሩን (1ኛ ነገ. 4፥33) ስናነብ፣ ፍጥረትን በትኩረት መመልከት ከጥንት የተሰጠን ሥራ መሆኑን እናያለን።

ለዚህ ከጎረቤት ሕዝብ አንድ ግሩም ምሳሌ እናንሣ። በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ሙርሲዎች ማሽላቸውን የሚዘሩት የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ ነበር። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳተሙት ጥናት፣ ሙርሲዎች የወንዙን ሙላት የሚከታተሉት በኮከብ ጭምር ነው። የደቡብ መስቀል የሚባሉት ኮከቦችና አጠገባቸው ያሉት በምሽት ሰማይ ላይ አንድ በአንድ ከዓይን ሲሰወሩ፣ ወንዙ የት እንደደረሰ ይረዳሉ። ያለ መጽሐፍና ያለ መሣሪያ ይህን ያህል ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ኮከቡ ነውን ወንዙን የሚሞላው? አይደለም። ኦሞን የሚሞላው በክረምት በጊቤና በሌሎች ገባሮቹ ተፋሰስ፣ በደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው። ኮከቡ በዚያው ወቅት የሚሰወረው ምድር ፀሐይን ስለምትዞር ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያመጣውም። ይህም በግልጽ የታየበት ጊዜ መጥቷል። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ የኦሞ ሙላት እንደ ቀድሞው አልመጣም። ኮከቦቹ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያዛንፉ እንደ ጥንቱ ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

ምልክትና ምክንያት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ምልክት ከነገሩ ጋር አብሮ ወይም ቀድሞ የሚታይ ነው፤ ምክንያት ግን ነገሩን የሚያመጣው ነው። ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ዶሮውን ብናርደው ግን ሌሊቱ አይረዝምም። አንድ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ከሚማረው ሳይንስ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ይዞ ቢወጣ ትልቅ ሀብት ይዟል። በቱርሚ ደግሞ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ሆኗል።

የሚንጊ ፍርሃት ከምን መጣ?

ስለ ሚንጊ የሚሰማ ሰው ፈጥኖ «እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው!» ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የሐመር እናት እንደማንኛዋም እናት ልጇን ትወዳለች። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው፤ ዝናብ ከቀረ ማሽላው ይደርቃል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ከዚያም የሁሉም ልጆች ይራባሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ ለሕዝቡ ሁሉ አደጋ ነው ተብሎ ሲታመን፣ እናት ብቻዋን ልትቋቋመው የማትችለው ፍርሃት በቤቷ ላይ ይወድቃል።

ፍርሃቱ የቆመው በትዝታ ላይ ነው። አንድ ዓመት የላይኛው ጥርሱ የቀደመ ልጅ ነበረ፤ በዚያም ዓመት ዝናብ ቀረ። ይህ አይረሳም፤ ለልጅ ልጅ ይነገራል። እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮ ዝናብ በደንብ የዘነበበትን ዓመት ግን ማን ያስታውሰዋል? እንዲህ ያለ ልጅ ሳይኖር ድርቅ የገባበትንስ ማን ይቆጥረዋል? የሚያስደነግጠውን እያስታወስን ጸጥ ብሎ ያለፈውን እንረሳለን። ይህ የሐመር ሰው ብቻ ድካም አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ድካም ነው።

ሳይንስ ስለ ሁለቱም ነገሮች፣ ስለ ጥርሱም ስለ ድርቁም፣ የሚለው አለው።

ስለ ጥርስ፦ የወተት ጥርስ መሠረቱን የሚይዘው ሕፃኑ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ብዙ ሕፃናት ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ በመጀመሪያ የታችኞቹን ሁለት የፊት ጥርሶች ያበቅላሉ፤ የላይኞቹ ከ8 እስከ 12 ወር ይከተላሉ። ሁለቱ ጊዜያት እንደሚደራረቡ ልብ እንበል። ስለዚህ በአንዳንድ ልጆች የላይኛው መቅደሙ የሚያስገርም አይደለም፤ አንዱ ልጅ በ9 ወሩ፣ ሌላው በ14 ወሩ እንደሚራመድ ያለ ልዩነት ነው። ቋሚዎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከ6 እስከ 7 ዓመት፣ የላይኞቹ ከ7 እስከ 8 ዓመት ይበቅላሉ። እንዲህ ያሉ ልጆች በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በሌላውም ዓለም አሉ፤ ብዙ ጊዜ ልብ የሚላቸው እንኳ የለም።

ስለ ድርቅ፦ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው የደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያጡበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ የድርቁ አንዱ ዋና ምክንያት «ላ ኒና» የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ መቀዝቀዝ እንደነበረ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች አስረድተዋል። ያ ውቅያኖስ ሲቀዘቅዝ የነፋሱ አካሄድ ይለወጣል፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መምጣት የነበረበት እርጥበትም ይቀንሳል። ደግሞም ድርቁ ደቡብ ኦሞን ብቻ አልመታም፤ ቦረናን፣ ሰሜን ኬንያንና ሶማሊያን አንድ ላይ መትቷል። የሶማሊያ ግመል በሐመር ሕፃን ጥርስ ምክንያት ሊሞት አይችልም።

ይህ እውቀት በሰዎች እጅ ሲገባ ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል። ከካሮ ሕዝብ ቀድመው ከተማሩት አንዱ የሆነው ላሌ ላቡኮ፣ እርሱ ከመወለዱ በፊት ሁለት እኅቶቹ በሚንጊ ምክንያት መገደላቸውን ያወቀው በወጣትነቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎችን እየለመነ ሕፃናትን ማዳን ጀመረ፤ በጂንካም ለእነዚህ ልጆች ማሳደጊያ ቤት ተከፈተ። የካሮ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ልማዱን በይፋ አቆሙ። ልብ እንበል፤ ያቆሙት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ የለመናቸውም የገዛ ልጃቸው ነው። ይሁን እንጂ ፍርሃት በአንድ ቀን አዋጅ ከሰው ልብ አይነቀልም። ለዚህ ነው ትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው።

እኛስ ከዚህ ነጻ ነን?

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምናነበው ከሩቅ ሆነን «አቤት የእነርሱ ድንቁርና» ለማለት ከሆነ ጥቅም የለውም። በደጋው የሀገራችን ክፍልም በሕፃን ጥርስ ላይ ሐሰተኛ ክስ ሲቀርብ ኖሯል። ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ተቅማጥ ሲይዘው «ጥርሱ ነው» ይባላል። ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ድድ ቀደው የሚያወጡ የልማድ አዋቂዎች ነበሩ፤ ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። በዚህም ሕፃናት ደም ፈስሷቸው፣ ቁስላቸው አመርቅዞ ሞተዋል።

እዚህም ስሕተቱ ያው ነው። ጥርሱና ተቅማጡ የሚመጡት በአንድ ዕድሜ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ሕፃኑ በስድስት ወሩ ከጡት ሌላ ምግብና ውሃ ይጀምራል፣ በመሬት ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡን የሚያመጣው በዚህ መንገድ የሚገባው ጀርም ነው። ምልክቱን ምክንያት አደረግነው፤ ቅጣቱንም የተቀበለው ሕፃኑ ነው።

ከዚህም ቀርበን ወደ ራሳችን ጉባኤ እንምጣ። የታመመ ልጅ ያላት እናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ «በቤትሽ የተደበቀ ኃጢአት አለ» የተባለችበት ጊዜ የለምን? የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ አልተመከረምን? ልጅ ያልወለደችው እኅት የአባቶቿ እርግማን ነው ተብላ ዓመታት አላለቀሰችምን? ይህን ስናደርግ እኛም በሌላ ስም ሚንጊ እየፈለግን ነው።

ደቀ መዛሙርቱ ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነውን ሰው ባዩ ጊዜ ጥያቄያቸው ይኸው ነበር፤ ጥፋተኛው ማን ነው፣ ራሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ኢየሱስ ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥1-3)። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜም፣ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነው የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አድርጎታል (ሉቃ. 13፥4-5)። እንግዲህ በተጎዳ ሰው ላይ ሐሰተኛ ምክንያት መለጠፍን ጌታችን ራሱ ከልክሏል። መምህሩ በክፍል ውስጥ «ይህ በእርግጥ ምክንያቱ ነውን? እንዴት አወቅን?» ብሎ ልጆችን ሲያስጠይቅ ከጌታው ትምህርት አልወጣም።

መምህሩ ከየት ይጀምር?

ለዚህ ትምህርት ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በቱርሚ ዙሪያ ያለው ይበቃል። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

1. የፍየል መንጋጋ

ስለ ጥርስ ሲያስተምር መምህሩ ልጆቹን «አፋችሁን ክፈቱ፤ የላይኛው የቀደመበት ማን ነው?» ብሎ ፈጽሞ መጠየቅ የለበትም። እንዲህ ያለው ቆጠራ በሌላ ስፍራ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ግን አንድን ልጅ ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ምናልባትም በዚያው ክፍል ታናሹን ወይም ታላቁን በዚህ ምክንያት ያጣ ልጅ ተቀምጦ ይሆናል። «አባቶቻችሁ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው» የሚል ንግግርም ልጁን ከወላጁ ወይም ከትምህርት ቤቱ ይለየዋል እንጂ አያስተምረውም።

ስለዚህ ከፍየል ይጀምር። እረኛ ልጅ ሁሉ ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ እንደሌላት ያውቃል፤ በዚያ ቦታ ጠንካራ ድድ ብቻ አለ። ላምም እንዲሁ ናት። አህያ ግን ከላይም ከታችም አላት። መምህሩ የደረቀ መንጋጋ አምጥተው እንዲያስተያዩ ያድርግ። ፍየል ከታች ስምንት የፊት ጥርሶች አሏት፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናት መካከለኞቹ ሁለቱ ወልቀው በትልልቅ ይተካሉ። ከዚያም በየዓመቱ ገደማ ሁለት ሁለት እየተተኩ በአራት ዓመቷ አካባቢ ስምንቱም ይሞላሉ። የፍየልን ዕድሜ በጥርሷ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ታዲያ ሁሉም ፍየሎች በአንድ ቀን ይቀይራሉን? አይቀይሩም። አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትዘገያለች። ቀድማ የቀየረችው ፍየል መንጋውን ገደለችውን? ልጆቹ መልሱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ የሰው ጥርስ ሥዕል ቢቀርብ፣ ትምህርቱ ማንንም ሳያሳፍር ወደ ልባቸው ይገባል።

2. «ሃይላንድ» ጠርሙስ

በደቡብ ኦሞ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚለውን የልጆች ጩኸት ያውቃል። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚጠይቁት። ይህ ጠርሙስ ጥሩ የዝናብ መለኪያ ይሆናል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ተመርጦ ከላይ በኩል ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አፍ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይሰካበታል። ሥሩ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይገባበትና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይጨመራል፤ ያ መስመር ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ይሰመራል። ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ ዛፍና ጣሪያ በሌለበት ስፍራ ይቀመጣል። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ተማሪ ያነባል፣ በደብተር ይጽፋል፣ ውሃውንም ወደ ዜሮው ይመልሳል።

ይህ ትንሽ ደብተር ትልቅ ነገር ያደርጋል፤ ትዝታን በጽሑፍ ይተካል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹም በመስከረምና በኅዳር መካከል ሲመጣ ልጆቹ በቁጥር ያዩታል። ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ያስተያያሉ። ዝናብ ሲጠፋ «በሌላ አገርስ ጠፍቷል ወይ?» ብለው በሬዲዮ የሚሰማውን ያዳምጣሉ። ድርቅ ከአንድ ቤት ልጅ የሚመጣ ነገር አለመሆኑን ማንም ሳይሰብካቸው ይረዳሉ።

ሒሳብም አብሮ ይመጣል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ ጣሪያ 8 ሜትር በ10 ሜትር ቢሆን 80 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 800 ሊትር ያህል ውሃ ይወርድበታል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ማለት ነው። ከዚህ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን ይህን ውሃ ወደ መሬት ያፈስሰዋል!

3. የሚጠጣ ውሃ

ሐመሮች ከቡና ገለፈት የሚያፈሉትን «ሾፎሮ» በቅል ይጠጣሉ። ይህ ከድሮ ጀምሮ የተፈላ ውሃ የመጠጣት ልማድ ነው። መምህሩ «በቤታችሁ ሾፎሮ ስትጠጡ፣ ከብት ስትጠብቁ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ስትጠጡ፣ ሆዳችሁን የሚያማችሁ በየትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መፍላት ጀርምን እንደሚገድል ማስረዳት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ የእናታቸው ድስት ምስክር ሆኗልና።

ማገዶ በሌለበት ደግሞ ፀሐይ አለች። የጠራ ውሃ በንጹሕና በማያደበዝዝ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ለ6 ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ቢቀመጥ፣ ጨረሩና ሙቀቱ አብዛኛውን በሽታ አምጪ ጀርም ይገድላል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ግን ጨረሩ ስለማያልፍ አስቀድሞ በጨርቅና በአሸዋ ማጥለል ይገባል። ያ የተጠየቀው «ሃይላንድ» እዚህም አገለገለ።

እነዚህን ስንሠራ ማስተያየትን እንማራለን፤ ድፍርሱን ከተጣራው ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት። ዳንኤልና ጓደኞቹ ጥራጥሬና ውሃ ብቻ እየተመገቡ ለ10 ቀን እንዲፈተኑ፣ ከዚያም ከሌሎቹ ብላቴኖች ጋር እንዲስተያዩ የጠየቁትን እናስታውስ (ዳን. 1፥12-15)። በእምነት የጸና ሰው መፈተንን አልፈራም።

ሳይንስና እምነት ይጋጫሉን?

አንዳንድ ወላጆች ሳይንስ የልጃቸውን እምነት እንዳይወስድ ይሰጋሉ። በደቡብ ኦሞ ይህ ጥያቄ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1967 በኪቢሽ የተገኙትና ከሁለት መቶ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ተሰጥቷቸው የሚጠቀሱት የሰው ቅሪተ አካሎች ከዚሁ ምድር የወጡ ናቸው። ይህን ከዘፍጥረት ጋር እንዴት እናንብብ በሚለው ላይ በአማኞች መካከልም የተለያየ አስተሳሰብ አለ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍም ይፈልጋል። ነገር ግን ስለ እርሱ እስክንስማማ ድረስ የጥርስንና የውሃን ትምህርት ልንከለክል አይገባም።

በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ያለው የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1874 ሲከፈት በበሩ ላይ የተቀረጸው ቃል ከመዝሙር 111፥2 የተወሰደ ነበር፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ደስ የሚሰኙበት ሰዎች እንደሚመረምሩት የሚናገረው ክፍል። ላቦራቶሪው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወርም ቃሉ በአዲሱ በር ላይ ተጽፏል። ፈጣሪን የሚያምን ሰው ፍጥረት ሥርዓት እንዳለው ያምናል፤ ሥርዓት ያለው ነገር ደግሞ ሊመረመር ይችላል። ዝናብን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው ማለትና ዝናብ በየት በኩል እንደሚመጣ መማር አይጣሉም።

ከቤተ ክርስቲያን ምን ይጠበቃል?

ከወላይታና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ ወንጌላውያን ወደ ደቡብ ኦሞ ሲሄዱ ከወንጌል ጋር ፊደልንም ያስቆጥሩ ነበር። ዛሬም የምናደርገው ብዙ አለ።

ሀ. በመምህርነት ወደ አርብቶ አደር አካባቢ የሚመደቡ አባሎቻችንን እንደ ተባረሩ ሳይሆን እንደ ተላኩ እንቁጠራቸው። በጸሎት እንሸኛቸው፣ እየደወልን እናበርታቸው፣ የሐመርን ቋንቋ እንዲማሩም እናደፋፍራቸው። ልጅ ያልገባውን ቃል በቃሉ ሊያጠና ይችላል፤ ሊጠይቅ ግን አይችልም።

ለ. የሐመር አባቶችንና እናቶችን እናክብር። ቀፎ የሚሰቅለው አባት አንድ ቀን ክፍል መጥቶ ስለ ንብ ቢያስተምር፣ ልጁ በአባቱ አያፍርም፤ አባቱም ትምህርት ቤቱን እንደ ጠላት አያይም።

ሐ. ስጋት ያለባት እናት ሳትፈራ የምትናገርበት ስፍራ ይኑራት። መምህሩ ብቻውን ከመሯሯጥ ይልቅ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከሚታመኑ ሽማግሌዎች ጋር በጸጥታ ይምከር።

መ. የእነዚህን ልጆች ፎቶግራፍና ስም ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አደባባይ አናውጣ። የዳነ ልጅ ነገ በሕዝቡ መካከል ቀና ብሎ መሄድ ይፈልጋል።

ሠ. በገዛ ጉባኤያችን በታመሙት ላይ ሐሰተኛ ምክንያት መለጠፍን እናቁም። ሁለት ሚዛን ይዘን ሌላውን ልናስተምር አንችልምና።

ወገኖች ሆይ፣ አንድ ቀን በቱርሚ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የላይኛው ጥርሷ ቀድሞ ይበቅል ይሆናል። ያን ቀን አያቷ ቢደነግጡ፣ ሦስተኛ ክፍል የሆነው ወንድሟ የዝናቡን ደብተር ይዞ በሐመርኛ ቀስ ብሎ እንዲያስረዳቸው ምኞታችን ነው፦ «አያቴ፣ ጥርሱ ምክንያት አይደለም። እኛ ቆጥረነዋል።» እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያስተምር መምህር ሕይወትን እያገለገለ ነው። ሕፃናትን ወደ እርሱ የጠራ ጌታ (ማር. 10፥14) መምህራኑን ያጽናቸው፤ እኛንም ከፍርሃትና ከሐሰተኛ ክስ ይጠብቀን። አሜን።